የቤተ መጻሕፍት ካርድ በኢንተርኔት ምን ምን ይከፍታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤተ መጻሕፍት ካርድ ቦርሳ ውስጥ ከሚረሱ ካርዶች ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። አንዴ መጽሐፍ ለመዋስ ይወጣል። ከዚያ ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር ተጣብቆ ይከርማል። ያ ካርድ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ለማንበብ፣ ትረካ ለመስማት፣ ፊልም ለማየት፣ የድሮ ጋዜጣ ለማገላበጥና በገንዘብ የሚሸጡ የጥናት መጽሔቶችን ለመክፈት ያገለግላል።

ይህን ስነግራቸው ሰዎች መጀመሪያ አያምኑም። ሲያምኑ ደግሞ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ጥያቄውም ይመሳሰላል። ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ስመልሰው የኖርኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ ገዝቶታል። ስክሪን ላይ የሚያሳያችሁን ግን በአብዛኛው ተከራይቶ ነው። ከታች ከሚመጡት ግራ አጋቢ ነገሮች ብዙዎቹ የዚህ ኪራይ ጣጣ ናቸው።

«ዳታቤዝ» የሚሉት ምንድን ነው? ጎግል እያለ ምን ያደርግልኛል?

ስሙ ያስፈራል እንጂ የተደራጀ የጽሑፍ ጎተራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ኤብስኮ፣ ፕሮክዌስት፣ ጌል፣ ጄስቶር የሚሉ ስሞችን ታያላችሁ። እነዚህ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ የምርምር ጽሑፍና መዝገበ ዕውቀት ሰብስበው ለቤተ መጻሕፍት የሚያከራዩ ድርጅቶች ናቸው።

ጎግል ጽሑፉ መኖሩን ይነግራችኋል። ልትከፍቱት ስትሉ «ክፈሉ» የሚል በር ይጋረጣል። በዚያ በር ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ቀድሞ ከፍሎላችኋል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ገንዘቡ በአብዛኛው ከግብር የመጣ ነው፤ ስለዚህ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ሌላው ማጣሪያው ነው። «በሙያ አቻዎች የተገመገሙት ብቻ»፣ «ሙሉ ጽሑፍ ያላቸው ብቻ»፣ «ከ2015 ወዲህ የወጡት» እያላችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። ከፍሎ ከላይ የተቀመጠ ድረ ገጽም አይቀድማችሁም። ለትናንት ማታ የኳስ ውጤት ግን ዳታቤዝ ውስጥ አትግቡ። ለዚያ ጎግል ይበቃል።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

የካርድ ቁጥርና ፒን። የካርድ ቁጥሩ ባርኮዱ ሥር ያለው ረጅሙ ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት 14 አሃዝ አለው። ካርዱ ላይ ለዓይን እንዲመች ተከፋፍሎ ቢታተምም ስትጽፉት ክፍተት አትተዉ። ፒኑን ብዙ ቦታ ሲመዘግቧችሁ የስልክ ቁጥራችሁን የመጨረሻ 4 አሃዞች ያደርጉታል። ስልካችሁን የሚያውቅ ሁሉ ገመተው ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት።

አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት በአካል ሳትሄዱ በኢንተርኔት ጊዜያዊ ካርድ ይሰጣሉ። ደስ ይላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ኢ-መጽሐፍ ብቻ ነው የሚከፍተው። አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ እስክትቀርቡ ዳታቤዞቹ ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሆኜ ዝም ብሎ ይከፈታል። ቤቴ ስሆን ለምን ካርድ ይጠይቀኛል?

እያንዳንዱ የኢንተርኔት መስመር አይፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ አለው። ዳታቤዙ የቤተ መጻሕፍቱን አድራሻ ያውቀዋል። ከዚያ አድራሻ የመጣን ሁሉ ሳይጠይቅ ያስገባል። እናንተ ከቤት ስትመጡ አድራሻችሁ ባዳ ነው። ስለዚህ ማንነታችሁን የሚያጣራ ሌላ በር ያስፈልጋል።

ይህ በር ፕሮክሲ ይባላል። በቤተ መጻሕፍት ዓለም በጣም የታወቀው ኢዚፕሮክሲ ነው፤ በ1999 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። አሠራሩ ቀላል ነው። እናንተ የካርድ ቁጥራችሁን ታስገባላችሁ። እሱ ከቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ከዚያ በእናንተ ስም ወደ ዳታቤዙ ይሄድና የቤተ መጻሕፍቱን አድራሻ ለብሶ ገጹን ያመጣላችኋል። ዳታቤዙ የሚያየው ፕሮክሲውን ነው፤ እናንተን አይደለም።

ከዚህ አንድ ጥቅም ያለው ምክር ይወጣል። ሁልጊዜ የምትገቡት በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በኩል ይሁን። የዳታቤዙን ስም ጎግል ላይ ፈልጋችሁ በቀጥታ ከገባችሁ በሩን ስታችሁታል። «ይግዙ» የሚል ገጽ ፊት ትቆማላችሁ። ከሚደውሉልኝ ሰዎች ግማሾቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

ሕንፃው ውስጥ ብቻ የሚከፈቱም አሉ። የቤተሰብ ሐረግ ለመፈለግ የሚረዳው የአንሴስትሪ የቤተ መጻሕፍት እትም ለምሳሌ ውሉ በአብዛኛው ከቤት አይፈቅድም። በኮቪድ ጊዜ ለተወሰነ ወቅት ከቤትም ተከፍቶ ነበር። በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

የካርድ ቁጥሬን ትክክል አስገብቻለሁ። ግን እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ካርዱ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እዩ። ካርዶች ብዙውን ጊዜ በየአንድ ወይም በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳሉ፤ ማንም አያስታውስም። ያልተከፈለ ቅጣት ወይም የጠፋ መጽሐፍ ስማችሁ ላይ ካለም መዝገቡ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ይህ ካልሆነ ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው። ኩኪ (ድረ ገጽ እንዲያስታውሳችሁ ብራውዘራችሁ ላይ የሚተወው ትንሽ ማስታወሻ) ከልክላችሁ ከሆነ ፕሮክሲው ሊያስታውሳችሁ አይችልም። በር ላይ ያስገባችሁና ውስጥ ስትደርሱ «ማን ነህ?» ይላችኋል። ኩኪ ፍቀዱ፤ ወይም ሌላ ብራውዘር ሞክሩ። አድራሻችሁን የሚደብቀውን ቪፒኤን ካበራችሁ አጥፉት። ወዲያና ወዲህ ከማለት ይህ ይቀድማል።

ያስቀመጥኩት ሊንክ በማግሥቱ ለምን ይሞታል?

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ለጽሑፍ የሚሆኑኝን 11 ምንጮች ከላይ ካለው የአድራሻ መስመር እየቀዳሁ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ስከፍታቸው አንዳቸውም አልሠሩም። ሁሉንም ከባዶ ፈለግሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ ስትገቡ የዚያን ቀን ጉብኝታችሁን የሚለይ ጊዜያዊ አድራሻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ስትወጡ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከጽሑፉ አጠገብ «ቋሚ ሊንክ» ወይም «ሊንክ ቅዳ» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሰንሰለት ሥዕል አለው። ማስቀመጥ ያለባችሁ ያንን ነው። ጽሑፉ ዲኦአይ የሚባል በ10 የሚጀምር ቁጥር ካለው እሱንም ጻፉት። እሱ ጽሑፉ አታሚ ቢቀይር እንኳ አይለወጥም።

ሌላ ሰው ሊንኩን ሲከፍተው ካርድ ቢጠየቅ አትደነቁ። ሊንክ ብታጋሩም መብታችሁን አላጋራችሁም።

ኢ-መጽሐፍ አያልቅ፣ አይቀደድ። ታዲያ ወረፋ ለምን?

ሁሉም ሰው የሚናደድበት ጥያቄ ይህ ነው። ንዴቱም ተገቢ ነው። ፋይሉን ለሺህ ሰው በአንዴ መላክ ይቻላል። የሚከለክለው ቴክኖሎጂው አይደለም፤ ውሉ ነው።

የተለመደው ውል «አንድ ኮፒ፣ አንድ አንባቢ» ይባላል። ቤተ መጻሕፍቱ 5 ፈቃድ ከገዛ በአንድ ጊዜ ማንበብ የሚችሉት 5 ሰዎች ናቸው። ስድስተኛው ይጠብቃል፤ ልክ የወረቀቱን መጽሐፍ እንደሚጠብቀው። አሳታሚዎቹ ይህን የሚያደርጉት መዋስ በጣም ከቀለለ ማን ይገዛል ብለው ስለሚሰጉ ነው። መጨናነቁን ሆን ብለው ነው ያቆዩት።

ፈቃዱ ራሱም ያረጃል። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 አንድ ኢ-መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና ይግዛ አለ። የወረቀት መጽሐፍ በእጅ ብዛት ያልቃልና ኢ-መጽሐፉም ይለቅ የሚል ስሌት ነበረበት። ብዙ ቁጣ ተነሣ፤ ደንቡ ግን ጸና። ሌሎች ትልልቅ አሳታሚዎች ደግሞ በጊዜ ይወስኑታል፤ 24 ወር የተለመደ ነው። ዋጋውም እናንተ ከምትገዙበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በ2019 ማክሚላን የተባለው አሳታሚ የባሰ ሙከራ አደረገ። አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት መግዛት የሚችለው አንድ ኢ-ኮፒ ብቻ ነው አለ። ለሚሊዮን ነዋሪ አንድ ኮፒ ማለት ነው! ቤተ መጻሕፍቶች ግዢ እስከ ማቆም ደረሱ። ደንቡ መጋቢት 2020 ተነሣ።

ስለዚህ «በ14ኛ ሳምንት ይደርስዎታል» የሚል መልእክት ስታዩ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አትቆጡ። እሱም እንደናንተ ነው የሚናደደው።

ወረፋውን ማሳጠሪያ ዘዴ አለ?

አለ። ከሁለት ቤተ መጻሕፍት ካርድ የማግኘት መብት ካላችሁ ሁለቱንም አውጡ። በምትኖሩበትና በምትሠሩበት ወይም በምትማሩበት አካባቢ መመዝገብ የሚፈቀድበት ቦታ ብዙ ነው። ሊቢ የሚባለው የኢ-መጽሐፍ መዋሻ አፕ ብዙ ካርዶችን በአንድ ላይ ይይዛል። አንዱ ዘንድ 60 ሰው የሚጠብቀው መጽሐፍ ሌላው ዘንድ ነፃ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ትረካውንም ሆነ ጽሑፉን አብራችሁ ተመዝገቡ። ሁለቱ የተለያዩ ወረፋዎች ናቸው።

ተራ ሲደርስ ደግሞ መጽሐፉ ለዘላለም አይጠብቃችሁም። ሊቢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 3 ቀን ነው ያላችሁ። በሥራ ተወጥራችሁ ከሆነ «በኋላ ይምጣልኝ» የሚለውን ንኩ። መጽሐፉ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ እናንተ ግን ከወረፋው ፊት አትባረሩም። ይህን ቁልፍ የማያውቅ ሰው ሦስት ወር ጠብቆ ተራው ያልፈዋል።

ጨርሳችሁ ከሆነም ቀኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ መልሱት። ከኋላችሁ ሰው አለ።

ሁፕላ ላይ ወረፋ የለም፤ ሊቢ ላይ አለ። ምን ልዩነት አላቸው?

ኪራዩ ይለያያል። ሊቢ በ2017 የወጣ የኦቨርድራይቭ አፕ ነው። በውስጡ ያለውን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ቀድሞ ፈቃድ የገዛበት ነው። (የድሮው የኦቨርድራይቭ አፕ በ2023 ተዘግቷል። ስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት።) ሁፕላ የሚባለው ሌላው የመዋሻ አፕ ግን ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስከፍለው አንድ ሰው አንድ ነገር በተዋሰ ቁጥር ነው። ቆጣሪው ከተጫነ ጀምሮ እንደሚቆጥር ታክሲ አስቡት። ስለዚህ ማንም አይጠብቅም። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ወጪው እንዳይንርበት ለእያንዳንዱ ካርድ የወር ኮታ ይመድባል። አንዳንዴም የቀን በጀቱ ያልቅና «ነገ ይሞክሩ» ይላችኋል።

የፊልሙ አገልግሎት ካኖፒም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በየወሩ ቲኬት ይሰጣችኋል፤ እንደ ፊልሙ ዓይነት ይቆረጣል። ዘጋቢ ፊልምና የድሮ ክላሲክ የሚወድ ሰው ይጠቀምበታል። የሰሞኑን ታዋቂ ተከታታይ ፊልም ፍለጋ ከሆነ ግን አታገኙትም።

መመለስ ብረሳስ?

ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይመለሳል። ቅጣት የለም። ከዲጂታል ውሰት የምወደው ይህንን ነው።

ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው? ኪንድልስ?

በኮምፒውተር ብራውዘርም፣ በታብሌትም ይከፈታል። ኪንድል ወደሚባለው የአማዞን ማንበቢያ መላክ ግን የሚቻለው ከአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለተዋሱ መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ለዚያም ሁሉም መጽሐፍ አይፈቅድም። ኮቦን የመሰሉ ሌሎች ማንበቢያዎች ኢፐብ የተባለውን የፋይል ዓይነት ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ፋይል አለ። መጽሐፍ ዳውንሎድ አድርጌያለሁ ብለው ሲያዩት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፤ አልከፈትም ይላል። የስሙ መጨረሻ «ኤሲኤስኤም» ነው። ይህ መጽሐፉ ሳይሆን የመጽሐፉ ትኬት ነው። አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ በሚባለው ፕሮግራም ስትከፍቱት ትኬቱን አሳይቶ መጽሐፉን ያወርድላችኋል። በአንድ የአዶቤ መለያ እስከ 6 መሣሪያ መጠቀም ይቻላል።

ዳታዬን አይጨርስብኝም?

ጽሑፍ ምንም አይደለም። ሥዕል የሌለበት ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ፎቶ አይበልጥም። ትረካ ከፍ ይላል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ የ10 ሰዓት ትረካ 290 ይሆናል። ፊልም ግን አይቀመስም።

መፍትሔው ዋይፋይ ባለበት አውርዶ መሄድ ነው። አፑ ውስጥ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለውን አብሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማውረድም ነውር የለበትም። ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ ዋይፋያቸውን አያጠፉም።

ዳታቤዝ ውስጥ ስፈልግ ወይ 200,000 ውጤት ይመጣል፤ ወይ ባዶ ነው። ምን እያጠፋሁ ነው?

ጎግልን እንደምትጠይቁት እየጠየቃችሁት ነው። ዳታቤዝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አይገባውም። «ታዳጊዎች ለምን እንቅልፍ አይተኙም?» አትበሉት። ቁልፍ ቃላቱን ብቻ ስጡት፦ ታዳጊ፣ እንቅልፍ።

ከዚያ ቃላቱን የሚያያይዙ ሦስት የእንግሊዝኛ ማያያዣዎች አሉ፤ በትልልቁ ፊደል መጻፍ ይሻላል። «ኤንድ» ሁለቱም ቃላት ያሉበትን ብቻ አምጣ ማለት ነው፤ ውጤቱን ያጠባል። «ኦር» ከሁለት አንዱ ካለ ይበቃል ይላል፤ ያሰፋል። «ኖት» ይህ ያለበትን አስወግድ ነው። «ኖት»ን በጥንቃቄ ያዙት። የምትፈልጉት ጽሑፍ የማትፈልጉትን ቃል አንድ ጊዜ ቢጠቅስ እንኳ አብሮ ይጣላል።

ሁለት ቃላት ተከታትለው እንዲመጡ ከፈለጋችሁ በትምህርተ ጥቅስ ክበቧቸው። የቃል ሥር ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ የኮከብ ምልክት ብታደርጉ ደግሞ ቅጥያዎቹን ሁሉ ያመጣል። የእንግሊዝኛው «ቻይልድ» ላይ ኮከብ ብትጨምሩ «ቺልድረን»ም «ቻይልድሁድ»ም አብረው ይመጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ዳታቤዞች እያንዳንዱን ጽሑፍ በአንድ ወጥ የርዕስ ስያሜ ይመዘግቡታል። እናንተ በተራ እንግሊዝኛ «ኸርት አታክ» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። የሕክምና ዳታቤዙ ግን መዝገቡ ላይ «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ብሎ ነው የጻፈው። ስለዚህ አንድ ልክ የሆነ ጽሑፍ ስታገኙ ሥሩ የተዘረዘሩትን ስያሜዎች አንብቡ። የሚስማማችሁን ንኩ። ዘመዶቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝን ፍለጋ በዚህ ዘዴ በሁለት ደቂቃ ጨርሼ አውቃለሁ።

በአማርኛ መፈለግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ፊደላችን ይፈትናል። ሰው «ፀሐይ»ን አንብቦ አንድ ቃል ነው ይላል። ለኮምፒውተር ግን «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሀይ» አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ጽፋችሁ ባዶ ቢመጣ የለም ማለት አይደለም። በሌላኛው ሀ፣ በሌላኛው ሰ፣ በሌላኛው አ ሞክሩ።

ብዙ መዝገቦች ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍትን በላቲን ፊደል ነው የሚይዙት፤ ነጥብና ጭረት በበዛበት ሥርዓት። በላቲንም ሞክሩ፤ ከቻላችሁ በአጭር ቁራጭ። የደራሲ ስም ላይም አንድ ጣጣ አለ። አንዱ መዝገብ በራሱ ስም ያስቀምጠዋል። ሌላው የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድመዋል። ሁለቱንም ቅደም ተከተል ፈልጉ።

የድሮ ኅትመት ከሆነ ገጹ ፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ውስጡ ያለውን ቃል ማሽኑ አያነበውም። በርዕስና በዓመት ፈልጋችሁ ገጽ ማገላበጥ ነው።

ርዕሱና አጭር መግለጫው አለ። ሙሉ ጽሑፉ ግን የለም።

ያው ኪራይ ነው። አንዳንድ መጽሔቶች አዲስ እትማቸውን ለዳታቤዝ ወዲያው አይሰጡም። ጄስቶር ላይ ይህ «ተንቀሳቃሽ ግድግዳ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ዓመት ባለፈ ቁጥር ግድግዳው በአንድ ዓመት ይገፋል።

እስከዚያው ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዲኦአይውን ጎግል ስኮላር ላይ ለጥፉት። ደራሲው በሕጋዊ መንገድ በነፃ ያስቀመጠው ኮፒ ሊወጣ ይችላል። አንፔይዎል የሚባለው የብራውዘር ቅጥያም ይህንኑ ፈልጎ ይነግራችኋል። ካልተገኘ ከቤተ መጻሕፍቱ «የቤተ መጻሕፍት የእርስ በርስ ውሰት» ጠይቁ። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ያስመጡላችኋል። የመጽሔት ጽሑፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ በኢሜይል ፒዲኤፍ ነው የሚደርሳችሁ።

ቻትቦት የሰጠኝን ማጣቀሻ ዳታቤዙ ላይ አጣሁት።

ምናልባት የለም ይሆናል። ቻትቦቶች እውነተኛ የሚመስል ርዕስ፣ ደራሲና የገጽ ቁጥር ከራሳቸው ይፈጥራሉ። የመጽሔቱን ስም፣ ቅጹንና ዓመቱን ይዛችሁ ያንን እትም ራሱን ክፈቱ። ማውጫው ላይ ከሌለ አትድከሙ።

የማነበውን ማን ያየዋል?

ቤተ መጻሕፍቶች የአንባቢን ምስጢር መጠበቅ እንደ ሙያ ክብር ነው የሚያዩት። ብዙዎቹ መጽሐፍ ስትመልሱ ማን እንደወሰደው የሚያሳየውን መዝገብ ያጠፋሉ። ታሪኩን የሚያስቀምጡት እናንተ ከጠየቃችሁ ነው።

አከራዮቹ ግን ሌላ ድርጅቶች ናቸው። የራሳቸው ደንብ አላቸው። አፕ ውስጥ የግል መለያ ስትከፍቱ፣ ኢሜይል ስትሰጡ፣ መጽሐፉን ወደ ኪንድል ስትልኩ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቤት ወጥታችሁ ወደ እነሱ ቤት ገብታችኋል። በ2019 የኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጠው ሊንክድኢን ለርኒንግ የቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚዎች የሊንክድኢን መለያ እንዲከፍቱ ሊያስገድድ ሲል የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በግልጽ ተቃውሞታል። የሰው የንባብ ዝርዝር ከስሙና ከሥራው ጋር ይያያዛል ብሎ ነው።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። ያለ ግል መለያ የሚሠራ ከሆነ መለያ አልከፍትም። ስለ ሕመም ወይም ስለ ሕግ ጉዳይ በሕዝብ ኮምፒውተር ስፈልግ ደግሞ ስጨርስ ወጥቼ ብራውዘሩን እዘጋለሁ።

ማየት ለሚቸገር ሰውስ?

ለእነሱ ዲጂታሉ ከወረቀቱ ይበልጣል። ፊደል ማጉላት፣ የጀርባ ቀለም መቀየር፣ ለማንበብ የሚቸገሩ ሰዎች የሚመርጡትን የፊደል ቅርጽ መምረጥ ይቻላል። ብዙ ዳታቤዞች ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብ ቁልፍ አላቸው፤ በእንግሊዝኛና በሌሎች ትልልቅ ቋንቋዎች ነው እንጂ።

ከዚህ ሌላ በ2002 የተጀመረው ቡክሼር የሚባል የኢ-መጻሕፍት ስብስብ አለ፤ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ ነው። በ2013 የተፈረመውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ ተቀባይ አገሮች እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲያዘጋጁና ድንበር አሻግረው እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል።

ሌላ አገር ሄጄ ቢሆንስ?

ካርዳችሁ እስከሠራ ድረስ አብዛኛው ይከፈታል። ፊልም ግን የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ መብቱ በአገር ስለሚሸጥ። ሳትሄዱ በፊት የምትፈልጉትን አውርዱ።

ያወረድኩትን ፒዲኤፍ ለጓደኛዬ ልላክ?

ለራሳችሁ ማስቀመጥና ማተም ይፈቀዳል። በቡድን ቻት ላይ መበተን ግን ውሉን መጣስ ነው። አንድ ሰው በፕሮግራም በመቶዎች ሲያወርድ ዳታቤዙ የሚዘጋው እሱን ብቻ አይደለም። መላውን ቤተ መጻሕፍት ለጊዜው ሊቆርጥ ይችላል፤ ከላይ እንዳልነው የሚያየው አንድ አድራሻ ነውና።

ካርድ የለኝም። ማውጣትም አልችልም።

ብዙ በር ክፍት ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 ጀምሮ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን ያስቀምጣል፤ ከ70,000 በላይ ደርሷል። ሊብሪቮክስ በ2005 የተጀመረ ሲሆን እነዚህኑ ዓይነት መጻሕፍት በጎ ፈቃደኞች አንብበው የቀዱበት ነው። የአንባቢው ጥራት እንደ ዕድል ነው። አንዱ ያስለቅሳል፤ ሌላው እንቅልፍ ያመጣል።

ለጥናት የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ዶአጅ፣ ለሕክምና ደግሞ ፐብሜድ ሴንትራል አሉ። ጄስቶር ላይ ነፃ የግል መለያ ብትከፍቱ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በስክሪን ማንበብ ይፈቅዳል።

ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የዲጂታል ማኅደር ትልቅ ነው፤ ግን ድሮ የነበረውን ያህል መጽሐፍ አያውስም። የወረቀት መጽሐፍ ስካን አድርጎ በአንድ ኮፒ ልክ ያውስ ነበር። አራት አሳታሚዎች በ2020 ከሰሱት፤ በ2023 ተፈረደበት፤ በ2024 ይግባኙም ወደቀ። ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጡ። ቅጂ መብታቸው ያለፈው፣ ድምፁና የድሮ ድረ ገጾቹ አሁንም አሉ።

ሁሉንም ሞከርኩ። አልሆነም። ማንን ልጠይቅ?

የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ። ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ በቻት፣ በኢሜይል ወይም በስልክ የሚጠየቁበት ቦታ አላቸው። «አይሠራም» ብቻ አትበሏቸው። የትኛው አፕ ወይም ዳታቤዝ እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደከፈታችሁት፣ ከቤት ይሁን ከቤተ መጻሕፍቱ ንገሯቸው። የስህተት መልእክቱን ፎቶ አንሥታችሁ አያይዙት። የካርድ ቁጥራችሁን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ስጧቸው። ፒኑን ግን አትላኩ። ለእርዳታ አያስፈልጋቸውም።